ሎጎው ኢሉስትሬተር ላይ ጥርት ብሎ፣ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ለምን ይደበዝዛል?

አንድ ጊዜ ለደንበኛ የሎጎ አኒሜሽን ሠርተን ላክን። ስልክ ላይ ስናየው አሪፍ ነበር። አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ሲከፈት ግን የድርጅቱ ስም ዳር ዳሩ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ሥራውን በነፃ ደግመን ሠራን። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ አንዲት ምልክት ሳንጫን ቀርተን ነው። እናንተም እንዳትደግሙት ነገሩን ከመሠረቱ እንየው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ቬክተር ምስል የሚቀመጠው በነጥብና በመስመር ስሌት ነው። የቱንም ያህል ብታሳድጉት አይደበዝዝም። ፎቶ ግን ከፒክስል የተሠራ ስለሆነ ሲለጠጥ ይፈዛል።

አፍተር ኢፌክትስ የኢሉስትሬተር ፋይል ስታስገቡለት መጀመሪያ በተሳለበት መጠን ወደ ፒክስል ይቀይረዋል። ለምሳሌ ሎጎው 400 ፒክስል ስፋት ካለውና ስኬሉን 300% ካደረጋችሁት፣ ያንኑ 400 ፒክስል ወደ 1200 ይለጥጠዋል። አንዱ ፒክስል የ9ኙን ቦታ ይሸፍናል ማለት ነው። ብዥታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው

ታይምላይን ላይ ከሌየሩ ስም ጎን ትንሽ ፀሐይ የምትመስል ምልክት አለች። ስሟ «ኮንቲኒዩስሊ ራስተራይዝ» ይባላል። እሷን ስትጫኑ ሶፍትዌሩ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ምስሉን ከቬክተሩ እንደገና ይስለዋል። ምልክቷ ካልታየቻችሁ ኤፍ 4ን ተጫኑ።

ከማስገባታችሁ በፊት

1. ኢሉስትሬተር ላይ የቀለም ሞዱን አርጂቢ አድርጉ። አርትቦርዱ ከቪዲዮው ጋር እኩል ይሁን፤ ለፉል ኤችዲ 1920 በ1080።

2. ለብቻው የሚንቀሳቀሰውን እያንዳንዱን ክፍል በራሱ ሌየር ላይ አስቀምጡ። ስታስገቡም እንደ ኮምፖዚሽን አስገቡት።

3. ሴቭ ስታደርጉ «ፒዲኤፍ ኮምፓቲብል» የሚለው ምርጫ ይብራ። አፍተር ኢፌክትስ ፋይሉን የሚያነበው በዚያ በኩል ነው።

4. የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ኮፒ አስቀሩና ጽሑፉን ወደ አውትላይን ቀይሩት። ያለዚያ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደላቱ ሊቀየሩባችሁ ይችላሉ።

ምልክቷን አብርታችሁም ችግር ከገጠማችሁ

• ሎጎውን ፕሪኮምፕ ውስጥ አስገብታችሁ የምታሳድጉት ፕሪኮምፑን ከሆነ፣ ውስጥም ውጪም አብሯት። ፕሪኮምፕ ላይ ስሟ «ኮላፕስ ትራንስፎርሜሽንስ» ይሆናል፤ ቦታዋ ግን ያው ነው።

• ጥላ ወይም ግሎው ከጨመራችሁ ሎጎው ሲያድግ ኢፌክቱ አብሮት አያድግም። ምክንያቱም ምልክቷ ስትበራ መጠን መቀየሩ ይቀድምና ኢፌክቱ ኋላ ይመጣል። የኢፌክቱንም ቁጥር በኪፍሬም አብራችሁ አሳድጉ።

• ፕሪቪውው «ሃፍ» ወይም «ኳርተር» ላይ ከሆነ ጥሩውም ሥራ ብዥ ብሎ ይታያል። ሳትደነግጡ መጀመሪያ «ፉል» አድርጉና በ100% እዩት።

• ኢሉስትሬተር ውስጥ የተለጠፈ ፎቶ ካለ ምልክቷ አታድነውም። ፎቶ ያው ፎቶ ነው።

ወደ ሼፕ ሌየር ልቀይረው?

የመስመሩን ቅርጽ ራሱን ማንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ሎጎው እየተሳለ እንዲወጣ፣ አዎ። ለማሳደግና ለማሳነስ ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልግም። ስትቀይሩት ግራዲየንትና ግልጽነት ሊጠፋባችሁ ስለሚችል ዋናውን ፋይል አትሰርዙ።

በስልክ ለምትሠሩ

መተግበሪያችሁ ቬክተር የማይቀበል ከሆነ ሎጎውን በፒኤንጂ አውጡት። መጠኑን የምትወስኑት ግን ቪዲዮው ውስጥ ትልቁ በሚሆንበት ሰዓት ነው። 1000 ፒክስል ድረስ የሚያድግ ከሆነ ከ1000 ባላነሰ አውጡትና ከዚያ አሳንሱት። ትልቁን ማሳነስ ይቻላል፤ ትንሹን መለጠጥ ግን ያጋልጣል።

በመጨረሻም ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ሥራውን ከስልክ በሚተልቅ ስክሪን አንዴ እዩት። እኛ ያን ቀን ያላደረግነው እሱን ነበር።

ሞሽን ግራፊክስ ለሚጀምር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።