ውሻ ይምረጡልኝ

የእህቴ ልጅ ሩጫ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ቀን ባንክ ቤት ሲቆጥር ይውላል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ካልሲውን ጎትቶ፣ እኛ ገና ሁለተኛውን እንቅልፍ ስንጀምር እሱ እንጦጦን ሽቅብ ይያያዘዋል። ባለፈው ፋሲካ ቤቴ መጥቶ የዶሮውን አጥንት እየጋጠ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መቼም ያልገለጡት መጽሐፍ የለም። እስቲ አብሮኝ የሚሮጥ ውሻ ይምረጡልኝ። የትኛው ዝርያ ይሻላል?» አለኝ።

እናላችሁ፣ ያ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ መምህርነት በስተእርጅና ለውሻ ምርጫ በቃ። ልጁ ቀልዱን አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ በፎቶ አደረገኝ፤ ዓይነ ሰማያዊው ሃስኪ፣ ነጠብጣቡ ዳልሜሽን፣ ወገበ ቀጭኑ ግሬይሀውንድ... ልቡ ያረፈው ሃስኪው ላይ እንደሆነ ያስታውቃል። ልስቅ አልኩና ሳቁ አልመጣልኝም። ያልመጣበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አንድ ቡቺ የሚባል ውሻ አለበት።

በእኛ ቋንቋ ውሻ ይጮሃል እንጂ ብዙም አይሮጥም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን። ግመሎቹ ሲሄዱ ውሾቹ የሚጮሁበትንም ታውቁታላችሁ። የተበላሸ ነገር ሲገጥመን «ውሻ የገባበት ቤተ ክርስቲያን» ነው የምንለው። ስድቡንማ ተዉት። ሥራው ደጅ መጠበቅ፣ ደመወዙ ትራፊ፣ ቦታው ከበሩ ውጭ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማልረሳው አንድ ውሻ አለ፤ የመጽሐፈ ጦቢቱ። ወጣቱ ጦቢያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲነሳ ውሻው ተከትሎ ይወጣል። ሲመለሱም አብሮ አለ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። አይጮህም፣ አይነክስም፣ ተአምር አይሠራም። ለምን እንደተጻፈ ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን የጻፈው ሰው ውሻና መንገድ እንደማይለያዩ ያውቅ ነበር።

የጥንት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2100 ዓመት ገደማ የነገሠው የግብፁ ዳግማዊ ኢንቴፍ በመቃብሩ ሐውልት ላይ ከእነስማቸው ውሾቹን አስቀርጿል፤ የአንዱ ስም ትርጉም ሚዳቋ ማለት ነው ይላሉ። ሯጭ ነበረ ማለት ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ አሪያን የሚባል ሰው ነበረ፤ የታላቁ እስክንድርን ታሪክ በመጻፉ የምናውቀው፣ ለሮም የቀጰዶቅያ ገዢ የነበረ። ይህ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ አደን ውሾች አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ከእሱ በፊት ዜኖፎን በዚሁ ነገር ጽፎ ነበር፤ ግን ኬልቶች የሚያረቧቸውን ፈጣን ውሾች አላየም ነበርና ጉድለቱን ልሙላ ብሎ ነው። በመሃል ላይ የራሱን ውሻ ያነሳል። ስሟ ሆርሜ ነው። ቤት ሲሆን አብራው እንደምትቀመጥ፣ ሲወጣ እንደምትከተለው ይዘረዝርና ስሟን የምጽፈው ኋላ ሰው እንዲያስታውሳት ነው ይላል። እነሆ እኛም አስታወስናት። በጣም የወደድኩለት ግን ሌላ ነው፤ እውነተኛ አዳኝ ጥንቸሏን ለመግደል ሳይሆን ሩጫውን ለማየት ይወጣል፣ ብታመልጥም ደስ ይለዋል ማለቱ። ስፖርት የሚለውን ቃል ሳያውቀው ስፖርትን ተረጎመልን።

አሁን የእህቴ ልጅ «ዝርያ» የሚለው ነገር ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። ድሮ ውሻ የሚጠራው በሥራው ነበር። በግ ጠባቂ፣ ወፍ ጠቋሚ፣ ጥንቸል አባራሪ። አባቱ ማን ይሁን ማን፣ የሚሮጥ ከሆነ ከሚሮጥ ጋር ይዳቀላል። እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ትርኢት ተደረገ። በ1873 የለንደኑ ኬነል ክለብ ተቋቋመና የዘር መዝገብ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ይሠራል?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ይመስላል?» ሆነ። ጆሮው በዚህ በኩል ይቁም፣ ጭራው በዚያ በኩል ይታጠፍ። መዝገቡም ተዘጋ፤ ከውጭ ደም መግባት ክልክል። የእኛን የዘር ቆጠራ ነገር ለምታውቁ ሰዎች ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ይህ ምን እንዳደረገ ማየት የሚፈልግ ቡልዶግን ይመልከት። የዛሬው ቡልዶግ አያቶች ከኮርማ ጋር የሚታገሉ ውሾች ነበሩ። ጭካኔ የሞላበት ጨዋታ ነበርና በ1835 በሕግ ተከለከለ፤ መከልከሉ ደግ ሆነ። ውሻው ግን ሥራ አጥ ሆኖ ወደ ትርኢት አዳራሽ ገባ። ፊቱ በየትውልዱ ሲጨፈለቅ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ የሚያንኮራፋ፣ ሙቀት ሲበዛበት አየር የሚያጥረው እንስሳ ሆኗል። የእህቴን ልጅ «ሌላውን ሁሉ ተው፣ ይኼን ብቻ እንጦጦ ይዘህ እንዳትወጣ» ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ቡቺ ልምጣ።

በ1992 ዓ.ም. ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስኖር ሌባ አስቸገረንና ውሻ ገዛሁ። «የፈረንጅ ውሻ ነው፣ ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ» አሉኝ። ወረቀት ባይኖረውም መልኩ አይዋሽም ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለቱ ውሾች አንዱ ቡቺ ስለነበር እኛም ቡቺ አልነው። እንደ አገሩ ልማድ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት በግቢ። ሰንሰለቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ቡቺ ቀኑን ሙሉ በዚያች ሦስት ሜትር ውስጥ ይዞራል። ከመዞሩ ብዛት መሬቱ ክብ ሆኖ ተቦረቦረ፤ ክረምት ሲሆን ውሃ ይቋጥርበት ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም የሰንሰለቱ ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴ «ዝም በል!» እለዋለሁ። ዝም አለማለቱ ይገርመኝ ነበር፤ ጎረቤቶቼም «ክፉ ነው፣ ጥሩ ጠባቂ ይሆንሃል» ይሉኛል።

አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ቀረና ጠፋ። ሁለት ቀን ፈለግነው። በሦስተኛው ቀን ወደ እንጦጦ ስወጣ ባሕር ዛፉ መሃል አገኘሁት። እንጨት የሚለቅሙ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ቡቺ በዙሪያቸው በሶምሶማ ይዞራል። አንዷ ልጅ ወደ ኋላ ስትቀር ዞሮ ይጠብቃታል። ማንንም አልነከሰም። ቆሜ አየሁት፤ ብዙ ቆሜ ነው ያየሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ጠራሁት፣ መጣ፣ ወስጄ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረ።

ምን እንዳየሁ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ዝርያው ታሪክ ሳነብ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ካርልስሩህ ከተማ በአንድ የውሻ ትርኢት ላይ ተኩላ የመሰለ የእረኛ ውሻ አየና ገዛው፤ ሆራንድ ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቁሞ በመዝገቡ ላይ ቁጥር አንድ አድርጎ ጻፈው። የዛሬው ጀርመን ሼፐርድ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። እነዚያ ውሾች ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? የጀርመን በጎች አጥር በሌለው ሜዳ፣ በሰብል መሃል ነበር የሚሰማሩት። ውሻው በሰብሉና በመንጋው መካከል ባለው ድንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ በሶምሶማ ይመላለሳል፤ ሕያው አጥር ማለት ነው። የኋሏ በግ ስትቀር ይመልሳታል። እንግዲህ ቡቺ እንጦጦ ላይ የሠራው የአያቶቹን ሥራ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው። እኔ ቤት ደግሞ ያንኑ ሥራ በሦስት ሜትር ውስጥ ሲሠራ ነበር። እኔ ክፋት መስሎኝ ነበር።

ይህን ለልጁ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ ሃስኪውስ?» አለኝ። የልብ ነገር!

የሃስኪውን ታሪክ እኔም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል በበረዶ የተዘጋች ከተማ የዲፍቴሪያ በሽታ ገባ። መድኃኒቱን አውሮፕላን ሊያደርሰው አልቻለም፤ 20 ሰዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ብርዱ አንዳንድ ቦታ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ያልፍ ነበር። የመጨረሻውን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የመራው ባልቶ ነው፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት ቆመለት። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሮጠው ግን ቶጎ ነበር፤ ከባለቤቱ ከሴፓላ ጋር ደርሶ መልሱን ጨምሮ ወደ 420 ኪሎ ሜትር። ያን ጊዜ ዕድሜው 12 ዓመት ነበር። ቶጎ ቡችላ ሳለ በሽተኛና ትንሽ ስለነበረ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር፤ መስኮት ሰብሮ ተመለሰ። በዝርያ መራጭ ዓይን ቢታይ ያኔውኑ የተጣለ ውሻ ነው።

ባልቶም ቢሆን እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንቲስቶች ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጠው ቆዳው ዘረ መል አውጥተው መርምረው፣ ከዛሬዎቹ ንጹሕ ዘር ውሾች ይልቅ የተደባለቀና ጤናማ የዘር ውርስ እንደነበረው ጽፈዋል። ዛሬ በየዓመቱ አላስካ ውስጥ በሚደረገው በዚያ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የስሌድ ውድድር፣ አሸናፊዎቹ ከአሥር ቀን በታች ሲገቡ፣ የሚጎትቷቸው ውሾች በአብዛኛው በኬነል ክለብ መዝገብ የሌሉ ክልሶች ናቸው። የአላስካ ሃስኪ ይሏቸዋል፤ መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይሮጣል ወይስ አይሮጥም? በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ሰው በፑድል ውሾች ሊወዳደር ገብቶ ነበር። እውነቴን ነው! ፀጉራቸው በረዶ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረና ኋላ የሰሜን ውሻ ካልሆነ አይገባም የሚል ደንብ ወጣ። እኔ ግን ሰውዬውን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል።

«ስለዚህ ዝርያ ዋጋ የለውም እያሉኝ ነው?» አለኝ ልጁ። የለውም አላልኩም። ግሬይሀውንድ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ግን የ100 ሜትር ሯጭ ነው፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ይተኛል። ጥንቸል ስትነሳበት ደግሞ አንተን ትቶህ ይሄዳል። ዳልሜሽን በእንግሊዝ ከሠረገላ ጎን እንዲሮጥ የተረባ ስለሆነ ላንተ ይስማማል፤ ሆኖም በ1996 ዲዝኒ ፊልሙን በድጋሚ ሲሠራ ስንት ሰው ለልጁ ገዝቶ፣ ጉልበቱን ሳይችለው ቀርቶ መጠለያ ጥሎታል። ሃስኪው እንጦጦ ላይ ንጋት 11 ሰዓት ምንም አይለው ይሆናል፤ አንተ ባንክ ስትቆጥር የቀትሩን ፀሐይ በዚያ ድርብ ፀጉር ማን ይችልለታል? እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ18,000 የሚበልጡ ውሾች ባለቤቶች ተጠይቀው፣ ከ2,000 የሚበልጡት ዘረ መላቸው ታይቶ፣ ዝርያ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። መልክን ዝርያ ይነግርሃል፤ ጠባዩን ግን ውሻውን ራሱን ነው የምትጠይቀው። ይህን ስለው፣ ውሻውን ሳይሆን እኔን ታዝቦኝ ሄደ።

ባለፈው ወር ደውሎ ቡችላ አገኘሁ አለኝ። ከመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ ዘበኛው ያሳድጋት ከነበረች የሐበሻ ውሻ የተወለደ፣ ቡናማ፣ እግረ ረጅም ነገር ነው። ከአምስቱ ሲመርጠው፣ ዘበኛው ዕቃ ሲጥል ደንግጦ ሸሽቶ ወዲያው ምን እንደሆነ ለማየት ተመልሶ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው አለኝ። ይህን ከየት እንዳነበበው አላውቅም፤ ግን ጥሩ አድርጓል። የእብድ ውሻ ክትባቱን በጊዜው እንዲያስከትብ፣ አጥንቱ እስኪጠና ድረስም፣ ማለትም አንድ ዓመት እስኪያልፈው፣ ረጅም ሩጫ እንዳያስሮጠው፣ እስከዚያው እርምጃና ጨዋታ ብቻ እንዲሆን ነገርኩት። ዓመቱ ረዘመበት፤ እሺ አለ።

ከዚያ ሊዘጋ ሲል፣ «ጋሼ፣ ያ የድሮው የቡቺ ሰንሰለት አለ? ለጊዜው ማታ ማታ...» አለኝ።

ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌው የከሰል ምድጃ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ስንት ጊዜ ለቆራሌው ስጠው ብላኛለች።

«ጠፍቷል» አልኩት።