ሽቅብ ወይስ ቁልቁል?

ለመሆኑ ሰው ለእረፍት ብሎ ተራራ መውጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ ገብቶ መልሱን ለሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ያስኬዳል። እኔን ወደዚህ ፍለጋ የወሰደኝ የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ባለቤቴ የምትሠራው በፈረቃ ነው፤ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። «ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይባላል፤ እኛ ግን ባንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን እንደ ተራራዎቹ ሆነናል። በዓመት ውስጥ ሁለታችንም እኩል ነፃ የምንሆነው ክረምት ላይ ለጥቂት ቀናት ነው። ለዚያም የቆጠብናት ገንዘብ ከአንድ ጉዞ አታልፍም። ስለዚህ ምርጫው የዋዛ አይደለም። እሷ «ወደ ታች ወርደን ሙቅ ውሃ እንታጠብ» ትላለች። እኔ «ተራራ እንውጣ» ባይ ነኝ። እንግዲህ ታሪክ ይዳኘን ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ።

በፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ በጋ ነው። ሙቀቱ ሲጠና አቅም ያለው ወደ ተራራ ይወጣል። ይህን ልማድ የመንግሥት ሥርዓት እስኪሆን ድረስ ያደረሱት ግን ህንድን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ናቸው። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሺምላ የተባለችው የሂማላያ ግርጌ ከተማ የበጋ መናገሻቸው ሆነች። የቆላው ሙቀት ሲጀምር የንግሥቲቱ እንደራሴ ጸሐፊውን፣ መዝገቡንና ቤተሰቡን አስከትሎ ከካልካታ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደዚያ ይወጣ ነበር። በ1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዚህችው ከተማ ሲባል ተራራውን እየቦረቦረ የሚወጣ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋላት። ጣሊያኖችም በኤርትራ ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የምጽዋ ሙቀት ስላስመረራቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዋና ከተማቸውን ወደ አሥመራ አወጡ፤ ባቡራቸውም በ1911 እ.ኤ.አ. ደጋው ላይ ደረሰ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሺምላ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ ከፍታ ግን ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የእንግሊዝ እንደራሴ ነፍሱን ለማሳረፍ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ የሚወጣበት ከፍታ፣ የእኛ ሰው በየማለዳው ታክሲ የሚጋፋበት ከፍታ ነው ማለት ነው! ታዲያ ደገኛ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ተራራ ላይ ምን ይፈልጋል? ብርድ እንደሆነ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

እውነትም በእኛ ታሪክ ተራራ የመዝናኛ ቦታ ሆኖ አያውቅም። አንድም ምሽግ ነው፣ አንድም ገዳም ነው፣ አንድም እስር ቤት ነው። ደብረ ዳሞ በጠፍር ተንጠላጥለው የሚወጡበት፣ ሴት የማትደርስበት ገዳም ነው፤ ለባልና ሚስት ጉዞ አይሆንም። አምባ ግሸን ዘውድ ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆች ተግዘው የሚኖሩበት ነበር፤ የግራኝ አህመድ ጦር በ1540 እ.ኤ.አ. እስከ ያዘው ድረስ። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ወዲህ ደግሞ ያን ተግባር ወህኒ አምባ ተረከበው። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» ስንል የምንጠራው የዚያን ተራራ ስም ነው። መቅደላም ቢሆን መጀመሪያ የእስረኞች አምባ፣ በመጨረሻም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ መሞቻ ሆነ።

የሚገርመው፣ ይህንኑ የእስረኞች ተራራ ፈረንጆች ከሩቅ ሆነው ገነት አድርገው መሳላቸው ነው። የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ውስጥ «የአማራ ተራራ» እያለ ያነሣዋል። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 እ.ኤ.አ. የሐበሻ ልዑላን የሚኖሩበትን የደስታ ሸለቆ ፈጥሮ «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት መጽሐፍ ይኸው ነው። ነገር ግን ጆንሰን ከብዙዎቹ ይሻላል። የእሱ ልዑል ምንም ሳይጎድልበት ይሰለቻል፤ ከዚያ ውብ ሸለቆ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልግ ነው የምናገኘው። መልከዐ ምድር ብቻውን ሰውን እንደማያሳርፍ ያወቀ ይመስላል።

ወደ ዋናው ምስክሬ ልምጣ። ምስክሮቼ ባልና ሚስት ናቸው፤ ምኒልክና ጣይቱ። በ1875 ዓ.ም. ሲጋቡ የሸዋ መናገሻ የነበረችው አንኮበር ናት፤ ወደ ምሥራቅ የአፋርን ቆላ ቁልቁል የምታይ፣ ጉም የማይለያት ተራራ። በዚያው ጊዜ ግን የምኒልክ ልብ ወደ እንጦጦ አዘንብሎ ነበር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ለጦር መሪ የሚመች ቦታ ነው። ለሚኖርበት ሰው ግን ነፋሱና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ማገዶ እያደር ይርቃል።

ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ቁልቁል መውረድ ለመደ። ከተራራው ሥር፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ የሚሉት ሜዳ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ንጉሡና እቴጌይቱ ከነሠራዊታቸው እየወረዱ ድንኳን ተክለው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን «አዲስ አበባ» አሉት። ዘውዱ የተደፋው በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እዚያው ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ሕይወት ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ፈሰሰ። የሚገርመው ማገዶው ታችም መጥፋቱ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ተጀምሮ ነበር። ከተማችን ባለችበት የጸናችው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ስለደረሰላት ነው።

እስከዚህ ድረስ ባለቤቴ ረትታኛለች። በዘመኑ የፈለጉትን መምረጥ ይችሉ የነበሩት ባልና ሚስት ተራራውን ትተው ወደ ሙቅ ውሃ ወረዱ። ከእነሱም በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቢሾፍቱ፣ በድሬዳዋና በምጽዋ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ሁሉም ቁልቁል። ከተሜውም ሶደሬና ላንጋኖ እያለ ተከተላቸው።

ነገር ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። እነሱ የወረዱት ከላይ ስለነበሩ ነው። እኛ የምንኖረው ግን እነሱ ለእረፍት በመረጡት ቦታ ላይ ነው። ድንኳን የተተከለበት መስክ ዛሬ መንገድ፣ ፎቅና የመኪና ጡሩምባ ሆኗል። እንደራሴው ወደ ሺምላ ሲወጣ፣ ጣይቱ ወደ ፊንፊኔ ሲወርዱ የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁሉም የሄዱት በየቀኑ ወደማይኖሩበት አየር ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን አዲስ አበቤ ሽቅብ ቢወጣም ቁልቁል ቢወርድም አላጠፋም።

እንግዲህ የቀረው የኪስ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ጉዞ ውድ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋው ሳይሆን በመንገዱ ነው። ሰሜን ተራራ ውበቱ የዓለም ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጎንደር ድረስ ብቻ 700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የሦስት ቀን እረፍት መንገድ ላይ ያልቃል። አንኮበር በደብረ ብርሃን በኩል 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መናገሻ ያየው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የጻፈላት ናት። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ እስከማወጅ ያደረሰ ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ ለመዝናናት ብሎ ወደዚያ መነሣት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የጥንት ነጋዴ ከመነሣቱ በፊት «መንገዱ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በየትኛውም አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው ይህ ጥያቄ ዛሬም ከዋጋው ይቀድማል።

እንጦጦ ከሁሉም ይቀርባል፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተከፍቷል። ግን ሌሊት አያሳድርም ብላ ባለቤቴ አልተቀበለችውም፤ እኔም ባሕር ዛፉን ባየሁ ቁጥር ለብዙ ዘመን ጭራሮ ጀርባቸው ላይ አዝለው ያን ቁልቁለት ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ትዝ ይሉኛል። ለአንዱ መናፈሻ የሆነ ተራራ ለሌላው የዕለት እንጀራ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የተስማማነው በወንጪ ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከንፈሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ውስጡ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሎጅ ለእኛ ቢጤ አይቀመስም፤ ነገር ግን አልጋውን ወሊሶ ወይም አምቦ ይዞ፣ ተራራውን በቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ሁለቱም ከተሞች ፍል ውሃ አላቸው። ቀን ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል!

ጊዜውንም ከታሪክ ሳይሆን ከሰማይ ተማክረን ቆርጠናል። ሐምሌ ላይ ጉሙ አገሩን ይውጠዋል፤ ተራራ ወጥቶ ነጭ ግድግዳ አይቶ መመለስ አለ። ጳጉሜን ላይ ግን ዝናቡ ይሣሣል፤ ሜዳው ገና እርጥብ ነው፤ አደይ አበባ ይጀምራል። ባለቤቴ ለጳጉሜን ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራለች። እኔም ፈቃዴን ሞልቼ አስገብቻለሁ።