በሽታን የማይቀበል አፈር፤ የሻቶረናር የሜሎን ማሳዎች ታሪክ

አትክልት የሚያመርት አርሶ አደር አጠውልግ በሽታን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የቲማቲሙ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ ተክሉ ቀን ይጠወልግና ማታ ያገገመ ይመስላል፤ በመጨረሻም ይደርቃል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከበሽታው መንስኤዎች አንዱ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ሲሆን በሥር በኩል ገብቶ የውኃ መተላለፊያውን ይዘጋል። ተክሉ ከማሳው ከተነሣ በኋላም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በዱራንስ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ሻቶረናር በተባለች የአትክልት አምራቾች ከተማ ግን ነገሩ ለየት ያለ ነበር። ይኸው ፈንገስ የሐብሐብ ዘመድ የሆነውን ሜሎን በሌሎች አካባቢዎች ሲያደርቅ፣ በሻቶረናር አፈር የተተከለው ሜሎን እምብዛም አይታመምም ነበር። ፉዛሪየም በአፈሩ ውስጥ ስለሌለ አይደለም፤ በብዛት ነበረ።

በዲዦን የፈረንሳይ ብሔራዊ የግብርና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ሉቬ፣ ሩክሴልና አላቡቬት ይህን ለማወቅ ያደረጉት ሙከራ ማንም አርሶ አደር የሚረዳው ዓይነት ነው። ከሻቶረናር የመጣውን አፈር በእንፋሎት አሞቁት። ከዚያ በኋላ በሽታ አምጪው ሲጨመርበት ሜሎኑ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ጠወለገ። ካልሞቀው አፈር ጥቂት ሲቀላቀልበት ደግሞ መከላከያው ተመለሰ። አፈሩን የሚጠብቀው ነገር ሕይወት ያለው መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ታትሞ ወጣ። በችግኝ መደብ ላይ ገለባ ማቃጠልም ሆነ በኬሚካል ማጠን ጠላትን ከወዳጅ ለይቶ እንደማይገድል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ወዳጆቹ ባለቁበት መደብ በውኃ ወይም በመሣሪያ ተመልሶ የሚገባ ፈንገስ ተቀናቃኝ አያገኝም።

ጠባቂዎቹ የሚሠሩት በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ሥር ስኳርና ሌላ ምግብ ወደ አፈሩ ያወጣል፤ የፉዛሪየም ዘርም የሚበቅለው ይህን ሲያገኝ ነው። በሽታ የማያመጡ የፉዛሪየም ዓይነቶች በዚያው ምግብና በዚያው ሥር ላይ ይሻሙታል። ፕስዩዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ብረት የሚስብ ንጥረ ነገር አመንጭተው ብረቱን ይቀሙታል፤ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ በርክሊ የነበሩት ክሎፐርና ባልደረቦቹ ስለዚህ ዓይነቱ ሽሚያ እ.ኤ.አ. በ1980 ጽፈዋል። የሻቶረናር አፈር ኖራ የበዛበት በመሆኑ በቀላሉ የሚገኝ ብረት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሽሚያው ይበረታል።

ፍንጩ ቀደም ሲልም ነበር። ሩዶልፍ ቫይንድሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ትራይኮደርማ የተባለው ፈንገስ ሥርና ችግኝ የሚያበሰብሰውን ራይዞክቶኒያ ተጠምጥሞ እንደሚበላው አሳይቶ ነበር። ሆኖም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የአትክልት አምራቾች ፊታቸውን ወደ አፈር ማጠኛ ኬሚካሎች አዞሩ። ከእነዚህ ዋነኛ የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር በበለጸጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታዳጊ አገሮች በ2015 ለአፈር ማጠኛነት እንዲቆም ተደረገ።

ከሻቶረናር አፈር ተለይቶ የወጣው ኤፍ ኦ 47 የተባለ በሽታ የማያመጣ ፉዛሪየም ተባዝቶ ለገበያ ቀርቧል። ይሁን እንጂ በአንድ ዘር ብቻ የሚገኘው ጥበቃ የአፈሩን ያህል የጸና አይደለም። መጨመር ያለበትም ችግኙ ሳይታመም ነው፤ የጠወለገውን አያድንም።