ያረጀች ድመት ቀለብ

የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ ሁሉ የነፈቃን (የቀለብን) ምዕራፍ ያስታውሰዋል። ኪታቡ በሚስት ቀለብ ይጀምራል፤ ወደ ልጆችና ወደ ወላጆች ይሻገራል፤ ስለ ሕፃን አሳዳጊነትም ይናገራል። በመጨረሻ ደረሳው «ምዕራፉ አለቀ» ብሎ ኪታቡን ሊያጥፍ ሲል በጥቂት መስመሮች የእንስሳትን ቀለብ ያነሳል። ይህች ቦታ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ትታለፋለች። አስቀሪውም ቀሪውም ቀጥሎ ወደሚመጣው የጂራሕ ኪታብ ይቸኩላሉና።

የመስመሮቹ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ እንስሳ ያለው ሰው እንስሳውን ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነው። እምቢ ካለ ዳኛ ያስገድደዋል። እንስሳው ሥጋው የሚበላ ከሆነ ባለቤቱ ሦስት ምርጫ ይሰጠዋል፤ ይሸጠዋል፣ ይቀልበዋል ወይም ያርደዋል። ሥጋው የማይበላ ከሆነ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ መሸጥ ወይም መቀለብ። እስቲ ይህን ይዘን ወደ ድመት እንምጣ። ድመት አትታረድም። አሥራ አምስት ዓመት የቤቱን አይጥ ስታባርር ኖራ ዛሬ ቁርጥማት ይዟት እግሯን የምትጎትተውን ድመት ደግሞ ማን ይገዛታል? (የድመት ሽያጭ ራሱ ዑለማዎች የተከራከሩበት መሆኑን እንተወው።) ስለዚህ በባለቤቱ እጅ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መቀለብ።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈራችን ድመት ስታረጅና ጥግ ለጥግ መሽናት ስትጀምር በጆንያ ከትቶ ወንዝ ማዶ መጣል የተለመደ ነው። የሚጥሏትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን፣ ድመት አስራ ሳታበላት፣ የምድር ተሳቢ እንድትለቅምም ሳትለቃት በመግደሏ ለእሳት የተዳረገችውን ሴት ሐዲስ ሰምተዋል። «እኔ ግን አላሰርኳትም፣ ለቀቅኳት እንጂ» ይላሉ። ነገር ግን ሐዲሱን በደንብ ላጤነው ሰው የሁለተኛው መንገድ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ልትለቀቅ የሚገባት የምትበላውን ራሷ እንድትፈልግ ነው። ይህ ደግሞ የሚሮጥና የሚዘል እግር ላላት ድመት ነው። ጉልበቷ የታሰረባትን ድመት ሜዳ ላይ መልቀቅ፣ እንደኔ ግንዛቤ፣ ማሰሪያውን ከገመድ ወደ ሕመም መለወጥ ብቻ ነው።

ከነወዊ ጥቂት ቀደም ብለው የነበሩት ዒዝዙዲን ኢብኑ ዐብዲስሰላም ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ አድርገውታል። እኚህ «የዑለማዎች ሱልጣን» የተባሉ የሻፊዒ ሊቅ በደማስቆ የኡመያ መስጂድ ኸጢብ ነበሩ። የከተማይቱ ገዥ ምሽጎችን ለመስቀል ጦረኞች በመስጠቱ ተቃወሙት፤ ከሥራቸውም ተሻሩ። ወደ ግብጽ ተሻግረው በ660 ዓመተ ሂጅራ (በ1262 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ አረፉ። «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው ውስጥ እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብቶች ዘርዝረዋል። ከዝርዝሩም የመጀመሪያው ለእንስሳው ለዓይነቱ የሚገባውን ቀለብ መስጠት ሲሆን፣ ይህም እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆንም እንኳ የማይቀር መሆኑን ጨምረው አስፍረዋል። ከአቅሙ በላይ አለማሸከምና ልጁን በዓይኑ ፊት አለማረድም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ውድ አንባቢያን ልብ በሉ፤ ሊቁ የተጠቀሙት ቃል «ሐቅ» የሚለው ነው። ስለ ምጽዋት ወይም ስለ ርኅራኄ እያወሩ አይደለም። ሐቅ ያለበት ሰው ባለ ዕዳ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ መዲና ነው። ከብሻ ቢንት ከዕብ ለባለቤቷ አባት ለአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የዉዱእ ውሃ ስትቀዳ ድመት መጣች። አቡ ቀታዳ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት መካከል መሆኗን መናገራቸውን ነገሯት። ማሊክ በሙወጧእ፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚም ዘግበውታል። ድመት በሕግ ዓይን የቤቱ ተመላላሽ ሆና የተቆጠረችው ከዚህ ነው። በነገራችን ላይ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ሙዒዛ» የምትባል ድመት ነበረቻቸው፣ ስትተኛበትም እጅጌያቸውን ቆረጡላት የሚለው ወሬ በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ የለም። እንዲህ ያለው ታሪክ የሚነገረው በ578 ዓ.ሂ. ስላረፉት ስለ ሸኽ አሕመድ አር-ሪፋዒ ነው። ድመትን መውደድ የኢማን ክፍል ነው የሚለውንም የሐዲስ ሊቃውንት የተፈበረከ ብለውታል። እውነተኛው ከበቂ በላይ ስለሆነ ሐሰተኛውን መጨመር አያስፈልግም።

ኢብኑ ኸሊካን ስለ ሰዋስው ሊቁ ስለ ጧሂር ኢብኑ ባብሻዝ (የሞቱት በ469 ዓ.ሂ. ነው) የጻፉትን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሰውዬው በግብጽ ቤተ መንግሥት ከጽሕፈት ቤቱ የሚወጡትን ደብዳቤዎች ከሰዋስው ስህተት የሚያጠሩ፣ ጥሩ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነበሩ። አንድ ቀን በመስጂድ ጣሪያ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲበሉ ድመት መጣች። ጉርሻ ሰጧት፤ ይዛ ሄደች። ተመለሰች፤ ደግመው ሰጧት፤ አሁንም ይዛ ሄደች። መመላለሷ ሲበዛባቸው ተከተሏት። በአንድ ፍርስራሽ ውስጥ ዓይነ ስውር ድመት ተቀምጣለች፤ ምግቡም የሚሄደው ለእርሷ ነበር። ኢብኑ ባብሻዝ ይህን ሲያዩ አላህ ይህችን ዓይነ ስውር በሌላ ድመት ከቀለባት እኔን እንዴት ይረሳኛል ብለው ሥራቸውን ለቀው ወደ ዒባዳ ዞሩ። ብዙዎች ይህን ታሪክ ለተወኩል ትምህርት ይጠቅሱታል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በምትመላለሰዋ ድመት ላይ ነው።

እንግዲህ «ለዓይነቱ የሚገባ ቀለብ» ለቁርጥማታም ድመት ምን ማለት ነው? ይህን ለማወቅ ኪታብ ብቻ አይበቃም፤ የእንስሳት ሐኪሞችን መጠየቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶችን ራጅ ተመልክቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት አግኝቷል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች እንጂ እንደ ውሻ አታለቅስም። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ትዘልበት ከነበረው መስኮት ትቀራለች፤ ጀርባዋን መላስ ስለሚያቅታት ፀጉሯ ይቋጠራል፤ መቧጨር ስለምትተው ጥፍሯ ያድጋል። ጥግ ላይ መሽናቷም ብዙ ጊዜ ሰዎች እንደሚሉት ብልግና ሳይሆን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ደረጃ መውጣት ስላቃታት ነው። መፍትሔው ከባድ ወጪ የለውም። ከወለሉ ብርድ የሚከላከል ወፍራም ጨርቅ፣ ምግቧንና ውሃዋን አንገቷን ብዙ ሳታጎነብስ በምትደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ጠርዙ ዝቅ ባለ ሣጥን አሸዋ ማዘጋጀት፣ ፀጉሯን ማበጠር፣ ጥፍሯን መከርከም ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በደግ ልብ የሰውን ፓራሲታሞል የሚሰጧት አሉ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። መድኃኒት ካስፈለጋት ሐኪም ይዘዝላት።

ድሮ ግለሰቡ ያቃተውን ወቅፍ ይሸከምለት ነበር። የሶሪያው ሊቅ ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ እንደጻፉት፣ የደማስቆ «አረንጓዴ መስክ» ባለቤቶቻቸው መቀለብ ለተዉአቸው ያረጁ እንስሳት እስኪሞቱ እንዲግጡበት ወቅፍ የተደረገ መሬት ነበር። ለድመቶችም የሚበሉበትና የሚተኙበት የተለየ ቤት በዚያችው ከተማ ነበራቸው። ሲባዒ ይህን በጻፉበት ዘመን ግን መስኩ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ስታዲየም ቆሞ ነበር።

በካይሮም ሱልጣን ባይበርስ ከከተማዋ በስተሰሜን ባሠራው መስጂድ አጠገብ ለድመቶች የሚሆን የአትክልት ቦታ ወቅፍ ማድረጉ ይነገራል። ይህ አፄ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክላቸው ደብዳቤ የጻፉለት ባይበርስ ነው። ስለ ደማስቆ ገበሬዎች የአትክልት ቦታዎችም ኢማም ነወዊ በደብዳቤ ተሟግተውታል፤ ሁለቱም በ676 ዓ.ሂ. (በ1277 እ.ኤ.አ.) በአንድ ዓመት ሞቱ። የድመቶቹ መሬት መጨረሻ ምን ሆነ? እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌይን እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው ስለ ግብጽ ኑሮ በሚናገር መጽሐፉ እንደመዘገበው፣ መሬቱን ተቆጣጣሪዎቹና ከእነርሱ የገዙት ሰዎች በተራ በተራ ስለሸጡት ለድመቶቹ በዓመት የሚገባው 15 ቅርሽ ብቻ ነበር። የቀረው ወጪ በቃዲው ላይ ወደቀ፤ የወቅፎች ሁሉ ጠባቂ በሹመቱ እርሱ ነውና። በየቀኑ በዐስር ሰዓት የሥጋ ቁርጥራጭ በፍርድ ቤቱ ትልቅ ግቢ ይቀርባል፤ ድመቶቹም ተጠርተው ይበላሉ። ሌይን በነበረበት ጊዜ ምገባው በጣም ጎድሎ ነበር። ቢሆንም ብዙ የካይሮ ሰዎች ድመታቸውን ማስወገድ ሲፈልጉ አሁንም ወደ ቃዲው ቤት ወስደው በዚያ ግቢ ይለቋት ነበር።