በቆላ መንገድ ላይ የሚጠፋ ሞተር፦ ከጎንደር እስከ መተማ የምርመራ ዕውቀት ታሪክ

ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ አውቶሞቢል የጻፉ የታሪክ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ስለ መምጣቱ ነው። ማን አስመጣው፣ የትኛው ንጉሥ ተቀመጠበት፣ መንገዱ በየትኛው ዘመን ተጠረገ የሚለውን ከመጻሕፍት እናገኛለን። ስለ መቆሙ ግን የጻፈ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው የመቆምን ታሪክ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ሸሕዲ የሚወርድ አሮጌ የቤንዚን መኪና፣ ሞተሩ ሚስ እያደረገ ሲንዘፈዘፍ ቆይቶ ቀጥ ይላል። ምክንያቱ የሚታወቅበት ጥበብ ከየት መጣ? በማን እጅ ቆየ? ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ ከጥገናው ይልቅ የሚከብደው፣ አንድ ዓይነት ምልክት የሚያሳዩትን ልዩ ልዩ ምክንያቶች ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህም ነገር መካኒኩና የታሪክ ተመራማሪው የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው።

አመጣጡን ባጭሩ ላስታውስ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሌይ አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ በመግባት መኪናውን ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ሞተር ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ በብዛት የዘለቀው ግን በሰላም አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ኢጣሊያ ፈጣን ጦር፣ በብዙ ካምዮኖች ተጭኖ ከኦምሐጀር በምዕራቡ ቆላ በኩል መጥቶ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ቀጥሎ በመጡት አምስት የወረራ ዓመታት መንገድ ተጠረገ፣ ጋራዥ ተከፈተ፣ የጭነት መኪና መብራት በጭልጋ ሸንተረር ላይ መታየት ጀመረ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጎንደሩ የኢጣሊያ ጦር እጁን ሲሰጥ ወታደሩ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ።

ቃሉ ቀረ ያልኩት በምሳሌ አይደለም። ዛሬ በሸሕዲ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው የዚያን ዘመን መዝገብ በጆሮው ያነባል። እሳት የሚሰጠው ዕቃ ካንዴላ ይባላል፤ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። የባትሪውን ጉልበት የሚያበዛው ቦቢና፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ስለሆነ በማጠንጠኛ ስም ተጠራ። እየከፈተና እየዘጋ እሳቱን የሚያስነሣው ፑንቲና፣ ነዳጁን የሚይዘው ሰልባትዮ፣ የሞተሩ ክዳን ቴስታታ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ሞተሩ የሚቆይበት ዝቅተኛ ዙር ሚኒሞ፣ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። የጠረፉን ወንዝ ተሻግረን ገላባት ስንደርስ ደግሞ የጭነት መኪና ሎሪ ይባላል፤ ይህ የእንግሊዝ አገዛዝ ለሱዳን ዓረብኛ የተወው ቃል ነው። ካምዮንና ሎሪ የሚገናኙባት መተማ የሁለት ቅኝ ገዥዎች የቃላት ድንበር ናት።

ዕቃዎቹ የውጭ ስም ይያዙ እንጂ የሕመማቸው ስም የእኛው ነው። መካኒኩ ሞተሩ «ያስነጥሳል»፣ «ይተኩሳል»፣ «ይታነቃል»፣ «ትንፋሽ ያጥረዋል» ይላል። የአካል ክፍሉ በጣልያንኛ፣ በሽታው በአማርኛ መጠራቱ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው። ዕቃው በግዢና በምርኮ ሊገኝ ይችላል፤ ምርመራው ግን ከሰው ሕመምና ከከብት ሕመም ቋንቋ ተወስዶ እዚሁ ተሠራ።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገር ይሻል፦ በልኩ የተቀላቀለ አየርና ነዳጅ፣ በጊዜው የሚደርስ እሳት፣ የማያፈስ ጭመቃ። ሚስ ማድረግ ማለት ከሲሊንደሮቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ተራው ሲደርስ ሳይነድ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹ በጥንቃቄ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል፣ ድምፁ ይለወጣል። ቢነቀልም ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር ቀድሞውንም ሥራ የፈታው ነው። ከዚያ የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ ተፈትቶ ይነበባል። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ነዳጅ አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል፤ በዘይት ከራሰ የፒስተኑ ቀለበት ወይም የቫልቩ መምሪያ አርጅቷል። ካንዴላውን ከጤነኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ማለዋወጥ ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ የገመዱ፣ የዲስትሪቡተሩ ወይም የሲሊንደሩ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የዚህ ሙያ ሕግ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የለወጠ ሰው መኪናው ቢድንለት እንኳ የዳነበትን አያውቅም።

ይህ ሁሉ በየትም አገር ይሠራል። የእኛ መንገድ የራሱ ጠባይ የሚጀምረው ከከፍታው ነው። ጎንደርና አይከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ ሸሕዲና መተማ ዮሐንስ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። በደጋው የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በቆላው ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኙ ይጠጋል። ካርቡራቶር ደግሞ ይህን ልዩነት በራሱ አይቶ አያስተካክልም። በጎንደር ስስ አየር ላይ ነዳጁ ተቆጥቦ የተስተካከለለት ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ያስነጥሳል፣ ወደ ካርቡራቶሩ ይተኩሳል፣ ይግላል። በሸሕዲ የተስተካከለው ወደ ጭልጋ ሲወጣ በተቃራኒው ነዳጅ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ ይታነቃል። በእሳቱ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ለደጋ እንዲቀድም የተደረገ እሳት በቆላ ሙቀት ሞተሩን ያንኳኳዋል። በሁለቱም ጋራዦች የተሠራው ሥራ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚለያዩት ስፍራዎቹ ናቸው።

ከዚህ የሚከፋው በሙቀት የሚመጣው መጥፋት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ካርቡራቶር ያላት ቶዮታ ኮሮላ፣ በተለምዶ ዲኤክስ የምንላት፣ በዚህ ሰዓት ትጠፋለች። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከግራር ሥር ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ ሲመለስ ትነሣለች። «ሙቀት ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ይህ ምልክት ግን ቢያንስ አራት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ በሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ሲግል ቤንዚኑ ተንኖ ፖምፓው ከፈሳሽ ይልቅ እንፋሎት መግፋቱ ነው። ሁለተኛው፣ ያረጀ ቦቢና ውስጡ ሲግል የሽቦው መከላከያ መክዳቱና እሳቱ መሞቱ ነው። ሦስተኛው፣ የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ በአቧራ መደፈኑ ነው፤ ነዳጅ ሲወጣ አየር ካልተካው ሰልባትዮው ራሱ ነዳጁን ወደ ኋላ ይስበዋል። አራተኛው፣ በሰልባትዮው ግርጌ ያለ ዝቃጭ ከነዳጁ ጋር ተስቦ የመውጫውን ቀዳዳ መድፈኑ ነው። ግማሽ ሰዓቱ አራቱንም ይፈውሳል። እንፋሎቱ ይረጋል፣ ቦቢናው ይቀዘቅዛል፣ በክዳኑ ስንጥቅ አየር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ዝቃጩ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ዕረፍት ማዳኑ ስለ ምክንያቱ ምንም አይነግረንም። የሦስተኛውና የአራተኛው ምክንያት ባለቤት ሙቀትን እየወቀሰ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ወይም ቦቢና፣ ፖምፓና ካርቡራቶር በየተራ ገዝቶ ሊሸጠው የሚችለውን የአንድ ክረምት ሰሊጥ ያጣል።

መለያው ያለው ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት ነው። ጎበዝ መካኒክ ከማረፍ በፊት የሰልባትዮውን ክዳን ይከፍታል፤ አየር በፉጨት ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ነገሩ አልቋል። ካልሆነ ካንዴላ ነቅሎ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ፣ ነዳጅ ካለበት አርቆ ያያል። እሳቱ ሰማያዊና ብርቱ ከሆነ ቦቢናው ነፃ ነው፤ ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ከጠፋ ምርመራው ወደ ቦቢናው፣ ወደ ፑንቲናውና ወደ ኮንደንሰሩ ይዞራል። እሳቱ ካለ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓውና በቧንቧው ላይ ይጣላል፤ በዚያ ወዲያው ከተነሣ እንፋሎት ነበር። ይህም ካልሆነ ሰልባትዮው ይታጠባል። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ወደ ከባዱ ይሄዳል።

የታሪክ ተማሪዎች ልብ እንድትሉት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህችው መኪና ለጥገና ወደ ጎንደር ስትወሰድ በአይከል ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ታልፋለች፤ ጋራዥ ስትደርስ ምንም የላትም። የጎንደሩ መካኒክ የሚመረምረው ጤነኛ መኪናና የሾፌሩን ቃል ነው። ጥፋቱ የሚታየው በቆላው ስለሆነ ምርመራውም በቆላው መደረግ ነበረበት። የምዕራቡ ቆላችን ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ነገሩ ከሆነበት ርቆ፣ በቀዝቃዛ አየር፣ በመንገደኛ ቃል። ከዚያም ያልገባን ነገር ሁሉ «ሙቀት ነው፣ ንዳድ ነው» በሚል ይዘጋል።

ከዚሁ ስፍራ አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው የብሪታንያና የሕንድ ጦር በገላባትና በመተማ ላይ ጥቃት ከፈተ። ገላባት ተያዘ፤ መተማ ግን አልተያዘም፣ ጦሩም በኋላ ከገላባት ለቀቀ። አብዛኞቹ የብሪታንያ ታንኮች በዚያ ቀን ቆመው ነበር። «ታንኮቹ ቆሙ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ ግን አንድ ምልክት ብቻ ነው። አንዳንዱን ያስቆመው ፈንጂ ነው፤ አንዳንዱን ያስቆመው ሰንሰለቱን የበጠሰው የስፍራው ድንጋይ ነው። ፈንጂው የጠላት ዝግጅት ነው፤ ድንጋዩ መሬቱን ያለማወቅ ውጤት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ጸሐፊ የጦርነቱን ትምህርት ያጠፋዋል።

ስለ ዛሬው ሁኔታ ጥቂት ልበልና ላብቃ። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው የኮምፒዩተር ምርመራ ሥርዓት ዓለምን አዳርሷል። አዲሱ ሞተር የትኛው ሲሊንደር ሚስ እንዳደረገ ራሱ በቁጥር ይናገራል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሁለቱም ለውጦች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ቁጥሩ ሚስ ያደረገውን ሲሊንደር ይነግረናል እንጂ ለምን እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ከቁጥሩ በኋላ ያለው ማመዛዘን አሁንም የሰው ነው። አሮጌዎቹ መኪኖችም ነገ አይጠፉም፤ ከገጠር ቀበሌ ሕመምተኛ ይዘው ወደ ሸሕዲ የሚሮጡት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። በመንገድ ላይ የጠፋ ግማሽ ሰዓት ለእንዲህ ያለው ተሳፋሪ ግማሽ ሰዓት ብቻ አይደለም።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በክልላችን መደበኛ የቴክኒክ ትምህርት ተስፋፍቷል። በመንገድ ዳር የተሠራው ዕውቀት ግን ከሾፌር ወደ ረዳት፣ ከዋና መካኒክ ወደ ለማጅ በቃል ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል። የባለ ፑንቲና መኪና የመጨረሻዎቹ መርማሪዎች አርጅተዋል። ስለዚህ ለታሪክና ለምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ክፍል፣ ከአዘዞ እስከ መተማ ዮሐንስ ባሉት ጋራዦች የሕመሞቹን ስሞች፣ የፈተናዎቹን ቅደም ተከተልና ምክንያታቸውን መዝግቡ። ስትጠይቁም «ምን ነበር የተበላሸው?» ብላችሁ አትብቁ፤ «ሌላው እንዳልሆነ በምን አወቁ?» በሉ። መልሱ የሚገኘው በዚህኛው ጥያቄ ነው፤ ለሞተሩም፣ ለታሪኩም።