እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችሁ ሳይሆን ለሃርቫርድና ለኤምአይቲ ማመልከት፦ ማወቅ ያለባችሁ 6 ነገሮች

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ባልሞክር ይሻላል» የሚል የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ነው። እውነት ለመናገር ቦታዎቹ ከባድ ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ከ100 አመልካች 5 እንኳን አይቀበሉም። ግን እንግሊዝኛው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ይልቅ ገንዘቡን፣ ቀኑንና ወረቀቱን አለማወቅ ነው ጉድ የሚሰራው።

1. የእንግሊዝኛ ፈተና
ሃርቫርድ ቶፍልም ሆነ ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና አያስገድድም። ፕሪንስተን ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረን አይጠይቅም። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሄ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። ፈተና የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ፣ ዱኦሊንጎን የሚቀበል ከሆነ አጣሩ። ከቶፍል ይረክሳል፣ ቤት ሆናችሁ ትወስዱታላችሁ፣ ውጤቱም በ2 ቀን ይደርሳል። ግን ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል።

2. ኤስኤቲ
ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ ይፈልጋሉ። ኤስኤቲ አሁን በኮምፒውተር ነው፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። የድሮው ረጅም ምንባብ ቀርቷል፤ አሁን ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፣ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ነው። ከ1600 ነጥብ 800ው ሒሳብ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ መሰብሰብ ይቻላል። ካን አካዳሚ ላይ በስልካችሁ በነጻ ተለማመዱ።

3. ድርሰቱ
ብዙዎቹ የሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ነው (ኤምአይቲ የራሱ አለው)። የኮመን አፕ ድርሰት ቢበዛ 650 ቃል ነው። ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ከባድ ቃል አይጠቅማችሁም። አንባቢው የሚፈልገው እናንተን ማወቅ ነው። ሱቅ መጠበቅ፣ ታናናሾችን መንከባከብ እንኳን በማመልከቻው ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ተብሎ ይሞላል። ሰዋስው ለማረም መምህር ማሳየት ችግር የለውም። በኤአይ አስጽፎ የራስ አድርጎ ማስገባት ግን በኮመን አፕ ደንብ ማጭበርበር ነው።

4. ገንዘብ
ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን የውጭ ተማሪም ቢሆን እርዳታ መጠየቁን ለመቀበልና ላለመቀበል አያዩም። ከተቀበሉ ደግሞ ቤተሰብ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ሌሎች ብዙዎቹ ግን አቅማችሁን ያያሉ። «እንዳይጥሉኝ ብዬ እርዳታ አልጠይቅም» ማለት አደገኛ ነው፤ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ አያገኝም።

ለእርዳታ ብዙዎቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ፎርም ያስሞላሉ። ገቢው በብር ይሞላል። ቤተሰብ ደሞዝተኛ ካልሆነ፣ ገበሬ ወይም ነጋዴ ከሆነ፣ የዓመቱን ገቢ አስልታችሁ እንዴት እንደሚገኝ በጽሑፍ አስረዱ። ፎርሙ በዶላር ያስከፍላል። መክፈል ካልቻላችሁ ለዩኒቨርሲቲው የእርዳታ ቢሮ ኢሜይል ጻፉና የክፍያ ነጻ ኮድ ወይም ሌላ ፎርም ጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያውንም እንዲያነሱላችሁ መጠየቅ ይቻላል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

5. የመምህር ደብዳቤ
«ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ምንም አይናገርም። መምህራችሁን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ የሠራችሁትን 2 እና 3 ነገር አስታውሷቸው። ትምህርት ቤታችሁ የትምህርት አማካሪ ከሌለው ርእሰ መምህሩ የእሱን ክፍል ሊሞሉ ይችላሉ። የግል ኢሜይል እንዳላቸው አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

6. ቀን፣ ሰዓትና ስም
የቀደምት አመልካቾች ቀን አብዛኛው ቦታ ኖቬምበር 1 ነው። እሱ በእኛ ጥቅምት 22 ነው፣ ኅዳር 1 አይደለም! የመደበኛው ደግሞ ብዙ ቦታ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ኮመን አፕ ላይ 11:59 ፒኤም የሚለው በምትኖሩበት አገር ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:59። ኔትወርክ እንዳይጫወትባችሁ 2 ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ። ስማችሁንም በፓስፖርታችሁ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጉ።

በመጨረሻ፦ «ሃርቫርድ አስገባችኋለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁት። ተማሪ የሚመርጠው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ብቻ ነው፣ ማመልከቻውንም ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። መቀበል ደግሞ ቪዛ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ለአገር ውስጡ ፈተናም እኩል ተዘጋጁ።

12ኛ ክፍል ላለ ጓደኛ ሼር አድርጉለት።