ቲቢ ሰውን የሚያከሳው እንዴት ነው? የአንድ መልእክት ታሪክ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መክሳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ሲስል ከርሞ ሱሪው ከወገቡ መንሸራተት ሲጀምር፣ ጎረቤት የሚለው አያጣም። «ቡዳ በልቶት ነው» የሚል አለ። «ራሽኑን ሸጦ ጫት ይቅምበታል» የሚልም አለ። «ያ በሽታ ይዞት ነው» ብሎ የሚያንሾካሽክም አይጠፋም። ቤተሰቡ ደግሞ አጥሚት ያፈላል፣ ሥጋ ይፈልጋል፣ የራሱን ድርሻ ቀንሶ ያበላዋል። ሰውየው ግን መክሳቱን አይተውም። ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ቲቢ ነው።

ስለ ከተማዋ ጥቂት እንበል። በ1897 ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የጅቡቲ ወደብ የኢትዮጵያ ዋና በር ሆነ። የወደብ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ መንገደኛውና ስደተኛው በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድርበት ከተማ ለቲቢ ይመቸዋል። ጅቡቲ ለብዙ ዓመታት በሽታው በዓለም እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ሆና ተመዝግባለች። ፖል ፎር የሚባለውን የከተማዋን የቲቢ ማእከል ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ብዙ ነው።

የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። በ1969 የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ዦርዥ ካኔቲ ከተለመደው የተለየ የቲቢ ባክቴሪያ አገኘ፤ ባክቴሪያውም በኋላ በስሙ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ባክቴሪያ በብዛት የተገኘው ጅቡቲ ውስጥ ከታመሙ ሰዎች ነው። በ2005 እና በ2013 የወጡ ጥናቶች የባክቴሪያውን የዘር ውርስ መርምረው፣ ቲቢ ወደ ዓለም የተሰራጨው ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ተነሥቶ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ሰጡ። እንግዲህ «ቲቢን ያመጡብን ስደተኞች ናቸው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በሽታው ከእኛም ከእነሱም በፊት እዚህ ሳይኖር አልቀረም በሉት።

ወደ መክሳቱ እንመለስ። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1882 በርሊን ላይ ቢያስታውቅም፣ ይህች ደቃቃ ፍጥረት አንድን ጎልማሳ እንዴት አጥንቱ እስኪገጥ እንደምታደርሰው አልታወቀም ነበር። እንግሊዞች በድሮ ጊዜ ቲቢን የሚጠሩበት ስም «ጨርሶ የሚበላ» እንደማለት ነው። ከእኛ «ቡዳ በላው» ብዙም አይርቅም።

ምስጢሩ የተገለጠው በሳንባ በሽታ ጥናት ሳይሆን ገንዲን በሚያመጣው ተህዋስ በኩል ነው። ከብት አርቢዎች ገንዲን ታውቁታላችሁ፤ የቆላ ዝንብ የነከሰችው በሬ ሣር ፊቱ እያለ ቆዳና አጥንት ይሆናል። ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ሴራሚና ባልደረባው ጥንቸሎችን የዚሁ ዘር በሆነ ተህዋስ በክለው መረመሩ፤ ውጤቱም በ1980 ታተመ። ጥንቸሎቹ እየከሱ ደማቸው ግን በስብ ተሞልቶ ነበር። ስቡ በደም ውስጥ እየዞረ ወደ ማከማቻው አይገባም።

በሰውነታችን ያለውን ስብ እንደ ጎተራ ቁጠሩት። በጎተራው በር ላይ ስብን ከደም ተቀብሎ የሚያስገባ ኢንዛይም አለ። በታመሙት ጥንቸሎች ይህ በረኛ ሥራውን አቁሞ ነበር። ማን አስቆመው? ተህዋሱ አልነበረም። በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላት መግባቱን ሲያውቁ የሚልኩት ፕሮቲን፣ ማለትም መልእክት ነው። ሴራሚና ብሩስ ቦይትለር በ1985 ይህን መልእክት ለይተው ሲያወጡ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት በ1975 ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ የካንሰር ዕጢን ሲያጠፋ ያዩት ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲን ያው ራሱ ሆኖ ተገኘ። መልእክቱ ጎተራውን ያዘጋል፣ በውስጡ ያለውንም ስብ ያስወጣል፤ ከሌሎች መሰል መልእክቶች ጋር ሆኖም ትኩሳት ያመጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጡንቻ ያሟሽሻል። ለጥቂት ቀናት ውጊያ ስንቅ ማውጣት ይሆናል። ቲቢ ግን ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው አጥሚቱ ብቻውን የማያዋጣው፤ ምግብ አስፈላጊ ቢሆንም መልእክቱ ሲላክ እየዋለ ጎተራ አይሞላም።

በ1993 ደግሞ ጎክሃን ሆታሚስሊጊልና ባልደረቦቹ ቦስተን ላይ ይህንኑ ፕሮቲን በጣም በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ አገኙት። እዚያ የሚያከሳ አይደለም፤ በዝቅተኛ መጠን ሳያቋርጥ እየወጣ የኢንሱሊንን ሥራ ያሰናክላል፣ ለስኳር በሽታም መንገድ ይጠርጋል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል።

«ታዲያ መልእክቱን የሚያፍን መድኃኒት ለምን አይሰጠንም?» ትሉ ይሆናል። መድኃኒቱ አለ፤ የሚታዘዘው ግን ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ቁስለት ሕመም ነው። በ2001 የወጣ አንድ ጥናት፣ ይህን መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ቲቢ መነሣቱን አሳየ። ለካ ያው የሚያከሳው መልእክት የቲቢን ባክቴሪያ ከቦ የሚይዘውን አጥርም የሚያቆም ኖሯል። «ማወፈሪያ» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል የሚያስፈራን በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ሱዳን ባሉ አገሮች ለውፍረት ተብሎ የሚዋጠው ዴክሳሜታዞን እንዲህ ያሉትን የመከላከያ መልእክቶች ያዳፍናል። ሰውየው ፊቱ ሲሞላ «ተሻለው» ይባላል፤ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ግን ጠባቂ አጥቶ ይፈነጫል።

የቲቢ መድኃኒት በትክክል ሲወሰድ ባክቴሪያው ይቀንሳል፣ መልእክቱም ይበርዳል። ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የምግብ ፍላጎታቸው ተመልሶ ኪሎ ይጨምራሉ። በዚህ ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተው አለ። የቀሩት ባክቴሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ መልእክቱ ዝም አለ እንጂ አላለቁም፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሆነውም ለእነሱ ነው። ነርሷ በየወሩ ሚዛን ላይ የምታወጣችሁ ለወጉ አይደለም፤ የእንክብሉ ብዛት የሚወሰነው በኪሎ ስለሆነ፣ ክብደታችሁ ሲጨምር መጠኑም ሊጨምር ይችላል። ስትመዘኑ ጫማችሁን አውልቁ።